የራጉኤል አናጢዎች፤ ስለ አነስተኛ የእንጨት ሥራ አጀማመርና ስለ ገበያው የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአዲስ ከተማ በኩል ወደ መርካቶ የሚዘልቅ ሰው የቅዱስ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያንና ታላቁን የአንዋር መስጊድ በጉርብትና ቆመው ያያል። የዚህ ገበያ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የጨርቁ፣ የቡናው፣ የእህሉና የቅመማ ቅመሙ ነጋዴ ነው። በዚያው ሠፈር በየጓዳው መጋዝ ሲስብና መላጊያ ሲገፋ የኖረው አናጢ ግን እምብዛም አይነሣም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው የተኛበት አልጋ፣ የበላበት ጠረጴዛ፣ ልብሱን የሰቀለበት ቁምሳጥንና ሌባ የከለከለበት በር በብዛት የወጣው ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው።

ስለዚህ ይህን ጥናት ስናዘጋጅ ሁለት ጥያቄዎችን ይዘን ተነሣን። የመጀመሪያው፣ የሚያበድረው ባንክና የራሱ የሆነ ቦታ ሳይኖረው፣ አንድ መጋዝና አንድ መላጊያ ብቻ የያዘ ሰው በምን ዘዴ ሱቅ ከፈተ፤ ገዢስ እንዴት አገኘ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ዓይነት ከተጀመሩት ሱቆች መካከል ወደ ትልቅ ድርጅት ያደጉት ስለ ምን ጥቂት ሆኑ የሚል ነው።

ጥናቱ የቆመበትን መሠረት አስቀድመን መግለጽ ይገባናል። አያታችን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በራጉኤል አጠገብ በእንጨት ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፤ እጃቸው ከመሣሪያ ቢያርፍም ትዝታቸው አልደከመም። ከቃላቸው ሌላ የትእዛዝና የቀብድ መዝገብ አድርገው የያዟቸውን 4 ደብተሮች ሰጥተውን መርምረናል። በዚያው ሠፈር የሚገኙ ሌሎች ሽማግሌ ባለሙያዎችንም ጠይቀናል፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ አልጻፍነውም። ከአናጢ ቤት ወጥተን ስለ አናጢ ስንጽፍ አድልዎ ቢታይብን አንባቢ እንዲያርመን እንለምናለን።

ስለ እንጨቱ

የአናጢ ታሪክ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። የእንጨቱ ችግር እጅግ ስለ በረታ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው የአውስትራልያው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በዚህ ምክንያት ለቋሚ፣ ለማገርና ለአጠና የሚሆን እንጨት ለከተማው ሰው በቅርቡ ተገኘለት።

ሆኖም ባሕር ዛፍ ቤት ያቆማል እንጂ ለቤት ዕቃ ሥራ እጅግም አይመችም። ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። አናጢው የሚፈልገው ሌላ እንጨት ነው። ዝግባ ለመሣሪያ ይታዘዛል፤ ቀጥ ያለና ለስላሳ ስለ ሆነ ለጣውላ፣ ለበርና ለመስኮት ይስማማል። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፤ መዓዛም አለው። ዋንዛ መልኩ ወደ ቀይ ያደላ፣ ከደረቀ በኋላ የማይጣመም ስለ ሆነ ለአልጋ፣ ለወንበርና ለቁምሳጥን ከሁሉ ይመረጣል። የጅማ በርጩማ በአገራችን ሁሉ ስሙ የተጠራው በጠራቢዎቹ ብልሃትና በዋንዛው መልካምነት ነው። ወይራ ጠንካራ ስለ ሆነ ለመሣሪያ እጀታ ይውላል።

እነዚህ ዛፎች ለጎልማሳነት የሚደርሱት በብዙ ዓመታት ስለ ሆነ፣ ከተማይቱ እያደገች በሄደች መጠን እንጨቱ ከሩቅ መምጣት ግድ ሆነበት። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት የሚነገርለት የመናገሻ ደን ለአዲስ አበባ ቅርብ ነበረ፤ ብቻውን ግን ሊበቃ አይችልም። ስለዚህ የራጉኤል አናጢ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሩቅ አገር በሚቆረጥና በመኪና በሚጫን እንጨት፣ እንጨቱን ገዝቶ ለማከማቸትም በቂ ገንዘብ ባለው ነጋዴ ላይ ጥገኛ ሆኖ ኖረ። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ ሙያው ክብርና ንቀት

የእጅ ሥራ በአገራችን ለብዙ ዘመን የተናቀ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው በየስሙ ይሰደብ ነበር። በጉራጌ አገር ቤት ሲሠራ ምሰሶውን የሚያቆሙት የእንጨት ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ያለ እነርሱ ቤቱ አይቆምም። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው ይኖሩ እንደ ነበረ ዊልያም ሻክ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተማቸው ጥናቶች ገልጿል። ቤቱን ያቆመ ሰው በቤቱ ገብቶ ከእኩዮቹ ጋር እንዳይበላ መከልከሉ ለእኛ እጅግ አስገራሚ ነገር ሆኖብናል።

ነገሥታቱ ግን የጥበበኛን ጥቅም ሳይረዱት አልቀሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰበሰቧቸው፣ በባዝል አቅራቢያ ከነበረው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ሚሲዮናውያን ሃይማኖት ከማስተማር ይልቅ መሣሪያ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ የተጓዘው በሠረገላ ላይ ሆኖ ነው። ሠረገላ ደግሞ ያለ እንጨት ሠሪ አይሆንም። ሰው የሚያስታውሰው መድፉን ነው፤ ሠረገላውን የሠራውን ማንም አያነሣውም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ ሥራን እያነወሩ አገርን ባዶ ማስቀረት እንደማይገባም አስታወቁ። አዋጁ መልካም ነበረ። ነገር ግን አንደበትን በአዋጅ መዝጋት ይቻል እንደ ሆነ እንጂ ልብን ማዞር አይቻልም። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ትላልቅ ቤቶች በረንዳ፣ የተፈለፈለ መስኮትና ደረጃ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የተጠሩት ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ነበሩ። የእኛ ሰዎች ከነርሱ ሥር ሆነው እያቀበሉ ተማሩ።

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው በስዊድን ሚሲዮን የተማሩ ነበሩ። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ያስረዱት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ ይለውጣል፤ ስለዚህ እየሠራ ይደኸያል። ይህ አሳብ ለአናጢ ሱቅ እንዴት እንደሚስማማ ከዚህ በታች እናያለን።

እኛም በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የእንጨት ሥራ ክፍል ነበረ። መሣሪያው መልካም፣ አስተማሪውም ትጉህ ነበሩ። ነገር ግን ወደዚያ ክፍል በብዛት የሚላኩት በሒሳብና በእንግሊዝኛ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ነበሩ። እኛ በነጥባችን ምክንያት አልተላክንም፤ ስላልተላክንም ደስ ብሎን ነበር። የአያታችንን ሙያ ለጓደኞቻችን የተናገርነው ከትምህርት ቤቱ ከወጣን በኋላ ነው። ከምኒልክ አዋጅ በኋላ አንድ መቶ ዓመት አልፎ ይህ በእኛ ላይ መታየቱን ሳንደብቅ እንጽፋለን።

ገበያው ወደ ምዕራብ መዛወሩ

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በመጀመሪያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ግን ፋሺስቶች ነጮችንና አገሬውን በሠፈር ለመለየት ዕቅድ አወጡ። የቀድሞውን የገበያ ቦታ ለአውሮፓውያን መደብር አድርገው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሠፈር አዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ሕዝቡን ለመለየትና ለማራቅ የተመሠረተው ሠፈር ከነጻነት በኋላ የአገሪቱ የንግድ ልብ መሆኑ ታሪክ ከሚያሳያቸው ተገላቢጦሾች አንዱ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙ የኢጣልያ ባለሙያዎች በአገሩ ቀርተው ነበር። የአያታችን አሠሪ የነበሩት አናጢ ሙያቸውን ያገኙት ከአንድ ኢጣልያዊ የእንጨት ሠራተኛ ሥር ሆነው ነው። የዚህ ምስክር በቋንቋችን ላይ ታትሞ ቀርቷል። እንጨት የሚጠብቀው ሞርሳ፣ የአልጋ እግር የሚያሾረው ቶርኖ፣ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራ፣ የሚያጣብቀው ኮላ፣ የሚያሥረው ብሎን፣ ስማቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና መዶሻ ግን በአገራቸው ስም ቀሩ። አንድ አናጢ መሣሪያውን ሲጠራ ብናዳምጠው የሙያውን ታሪክ በሁለት ቋንቋ ይነግረናል።

በእነዚሁ ዓመታት መንግሥትም የእጅ ሥራ ትምህርት ጀመረ። የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ሥራ ትምህርት ቤትም በ1947 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ የወጡት ግን በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ትላልቅ ሥራ ተቋራጮች ዘንድ ገቡ እንጂ በራጉኤል ጓዳ አልተቀመጡም። የራጉኤል አናጢ የተማረው ከአሠሪው ጎን ቆሞ በማየት ነው።

ሱቅ እንዴት ይጀመር ነበር

አያታችን ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልጅነታቸው ነው። በመጀመሪያ ከአጠና ተራ እንጨት ይሸከሙ ነበር። ቀጥሎም ከአንድ አናጢ ዘንድ ገብተው ለ2 ዓመት ያህል ፍቅፋቂ ጠረጉ፣ ኮላ አፈሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። መጋዝ ያስያዟቸው ከዚያ በኋላ ነው። ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ምሳና ማደሪያ ግን ያገኙ ነበር። ሙያውን ከጨረሱ በኋላ በቁራጭ ሥራ፣ ማለት በሠሩት ዕቃ ልክ እየተከፈላቸው ቆዩና በመጨረሻ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት መጣ? የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር፤ ነገር ግን ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ በኪራይ ጓዳ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚያስይዘው ነገር የለውም። ከሽማግሌዎቹ አፍ የሰማነውና በደብተሮቹ ያየነው የሚስማማ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከሦስት በሮች ነው።

አንደኛው በር ዕቁብ ነው። አያታችን መሣሪያቸውንና የመጀመሪያውን የሱቅ ኪራይ የከፈሉት ዕቁብ በደረሳቸው ጊዜ ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ መያዣውም ዋስና ስም ነው።

ሁለተኛው በር የእንጨት ነጋዴው ዱቤ ነው። ጣውላ የሚሸጠው ነጋዴ ያወቀውን አናጢ እስከ ቅዳሜ ድረስ ይታገሠዋል። ዱቤው ግን ዋጋ አለው፤ በዱቤ የወሰደ ሰው እንጨት አይመርጥም፤ የተሰጠውን ይወስዳል።

ሦስተኛው በር፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ቀብድ ነው። ገዢው ሲያዝ ብዙ ጊዜ የዋጋውን እኩሌታ አስቀድሞ ይከፍላል። በዚያ ገንዘብ አናጢው ጣውላ፣ ኮላ፣ ሚስማርና ቫርኒሽ ይገዛል። ይህም ማለት የሱቁን ዋና ገንዘብ የሚያቀርበው ገዢው ራሱ ነው። ባዶ እጁን የቆመ ሰው ባለ ሱቅ ሊሆን የቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

ነገር ግን ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ስንመለከት ያልጠበቅነውን ነገር አገኘን። የአንዱ ደንበኛ ቀብድ በገባ ማግስት ከዚያ በፊት ላዘዘው ሌላ ደንበኛ ዕቃ ጣውላ ተገዝቶበታል። የሁለተኛውም ዕቃ የሚያልቀው የሦስተኛው ቀብድ ሲገባ ነው። እንዲህ እያለ ከገጽ ወደ ገጽ ይተላለፋል። አናጢ ቀጠሮ አያከብርም፣ «ነገ ና» ይወዳል ተብሎ በከተማው ሁሉ የሚታማበት ምክንያት ለእኛ የተገለጠልን በዚህ ጊዜ ነው። ነገሩን ለአያታችን ብናነሣባቸው ሣቁና፣ «ልጄ፣ ሰዉ ውሸታም ይለን ነበር፤ እኛ ግን የምንጠብቀው የሚቀጥለውን ሰው ነበር» አሉን። የቀጠሮ መፍረስ የጠባይ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የገንዘብ አያያዙ ውጤት ነው ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ ሌላ ጉዳት አለ። እንጨት ከተቆረጠ በኋላ መድረቅ አለበት። በአውሮፓ አናጢዎች የቆየ ልማድ 1 ኢንች፣ ማለት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ብቻ እስኪደርቅ 1 ዓመት ያህል ይታገሡታል። በቀብድ የሚሠራ አናጢ ግን እንጨት ገዝቶ ዓመት ሊያስቀምጥ አይችልም። ዛሬ የገዛውን ዛሬ ይቆርጣል። እርጥቡ ጣውላ ከገዢው ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይሸሻል፣ የቁምሳጥኑ መዝጊያ አልገጥም ይላል፣ የአልጋው መጋጠሚያ ይላላል። ገዢውም «የአገር ሥራ» ብሎ ይንቃል። እንግዲህ የገንዘብ ማነስ እርጥብ እንጨትን አመጣ፣ እርጥብ እንጨት የዕቃ ጉድለትን አመጣ፣ የዕቃ ጉድለትም ንቀትን አመጣ። ያ የጥንቱ ንቀት በአዲስ ምክንያት ታደሰ ማለት ነው።

ገዢ እንዴት ይገኝ ነበር

የመርካቶ ገበያ ዋና ሥርዓት ተራ ነው። አጠና ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ለእንግዳ ሰው ይህ አሠራር ሞኝነት ሊመስለው ይችላል፤ ተወዳዳሪው ካለበት ጎን ሱቅ መክፈት ምን ይጠቅማል? የሽማግሌዎቹ መልስ ግልጥ ነው። ገዢ የሚመጣው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ተራው ነው። አልጋ የሚፈልግ ሰው አልጋ ከሚበዛበት ይሄዳል፤ ከዚያ ከደረሰ በኋላ የአንዱ ባይስማማው የጎረቤቱን ያያል። ለብቻው በሌላ ሠፈር የተቀመጠ አናጢ ግን ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ሰው አያየውም።

ተራው ለሥራውም ይጠቅማል። ጣውላ ሻጩ፣ በማሽን የሚሰነጥቀውና የሚልገው ማሽን ቤት፣ በቶርኖ የሚያሾረው፣ ቫርኒሽ የሚቀባው፣ ወንበር በጨርቅ የሚያለብሰው ሁሉ በእግር መንገድ ይገኛሉ። ስለዚህ አናጢው ማሽን መግዛት ሳያስፈልገው የማሽን ሥራ ያገኛል፤ በሜትርና በቁጥር እየከፈለ ያሠራል። አንድ ሰው ሊይዘው የማይችለውን ፋብሪካ ተራው በሙሉ ሆኖ ይይዘዋል።

ሁለተኛው የገበያ ዘዴ ማሳየት ነው። የራጉኤል አናጢ ምልክት ሰሌዳ እምብዛም አልነበረውም። ሰሌዳው ያለቀው ዕቃ ነው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ከሁሉ ያማረው ቁምሳጥን ወይም ቡፌ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ማታ ይገባል። አያታችን ለብዙ ጊዜ ያልሸጡት አንድ የዋንዛ ቡፌ ነበራቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው «የታዘዘ ነው፤ እንደዚህ ያለ እሠራልሃለሁ» ይሉ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከልጆቻቸው በፊት እርሱን ያስገቡ እንደ ነበረ አያታችን ሴቷ አሁንም እያነሡ ይወቅሷቸዋል።

ሦስተኛው ደላላ ነው። ደላላ ገዢን ከመንገድ ላይ ተቀብሎ ያመጣል፤ ዕቃው ሲሸጥ ድርሻውን ይቀበላል። ጠቃሚነቱ አይካድም። ነገር ግን ደላላ የሚወደው ቶሎ የሚሸጠውን እንጂ መልካም የተሠራውን ስላልሆነ፣ በደላላ የሚኖር ሱቅ ውሎ አድሮ ሥራው እንደሚበላሽ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ነግረውናል።

አራተኛው የዓመቱን ጊዜ ማወቅ ነው። በደብተሮቹ ውስጥ ትእዛዝ የሚበዛው ሰርግ በሚበዛበት በጥር፣ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ነው። አልጋና ቁምሳጥን የሙሽራ ዕቃ ናቸውና። በዐቢይ ጾምና በክረምት ትእዛዙ ይቀንሳል። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ሳጥንና በርጩማ በጅምላ ገዝተው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ይወስዱ ነበር። ሥራ በቀዘቀዘበት ወራት ሱቁን ያቆየው ይህ ትንሽ ዕቃ ነው።

በዚህ ስፍራ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ብንጠቅስ ነገሩን ያብራራዋል። ሄንሪ ሜይሂው የተባለው ጋዜጠኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ስለ ሎንዶን ድኾች ሲጽፍ፣ በጣሪያ ሥር ባለ ጠባብ ክፍል ከቤተሰባቸው ጋር የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎችን ገልጧል። እነዚህ ሰዎች ትእዛዝ ሳይኖራቸው በራሳቸው ገንዘብ ሠርተው ቅዳሜ ማታ ዕቃውን በጀርባቸው ወይም በጋሪ ይዘው ወደ ትላልቅ መደብሮች ይዞሩ ነበር። ለእሑድ ምግብ ያስፈልጋቸዋልና ነጋዴው የሰጣቸውን ዋጋ ይቀበላሉ። በዚህም ምክንያት ነጋዴዎቹን አራጆች ይሏቸው ነበር። የራጉኤል አናጢ ከሎንዶኑ በድኽነት አይሻልም ነበር፤ ነገር ግን ቀብድ ከዚህ ዓይነት መታረድ በከፊል ጠብቆታል። ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ገዢው ታውቋል፤ ዋጋውም ተቆርጧል። ስለዚህ ቀብድን ስንነቅፍ ጥቅሙን እንዳንረሳ ያሻል። የሎንዶኑ ሰው ነጻ ሆኖ ይራብ ነበር፤ የራጉኤሉ ታስሮ ይበላ ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የአያታችን የሱቅ አከራይ ቀርቶ ኪራዩ ለቀበሌ ይከፈል ጀመር፤ መጠኑም ቀነሰ። ብዙ ሰው ይህን ዘመን በኪሣራ ብቻ ያስታውሰዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን ለትንንሽ ሱቆች ነገሩ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ዝቅተኛው የቀበሌ ኪራይ ለብዙ ዓመታት ከመፈናቀል ጠበቃቸው። በሌላ በኩል ሱቁን ማስፋት፣ መሸጥ ወይም አስይዞ መበደር የማይቻል ሆነ። ሱቁ አልሞተም፤ አላደገምም።

በ1968 ዓ.ም. የግል ንግድና ኢንዱስትሪ ሊይዘው የሚችለው ገንዘብ በአዋጅ ተወሰነ። ቀጥሎም የእጅ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን የሚመራ የመንግሥት ድርጅት ቆሞ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ይመክር ነበር። ከጠየቅናቸው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ማኅበር የገቡት ጣውላ በተመደበ ዋጋ ለማግኘት ብለው ነው፤ ትእዛዙም ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ዴስክና ወንበር ነበር። አያታችን ማኅበር አልገቡም። በደብተራቸው የእነዚያን ዓመታት ገጽ ስናይ ሰርግ አነሰ፣ አልጋ አነሰ፤ የተሰበረ በርና የወለቀ መስኮት መጠገን በዛ። አንድ ገጽ ላይ ቀብድ ከፍለው ዕቃቸውን ሳይወስዱ የቀሩ ሦስት ሰዎች ተጽፈዋል። ለምን እንዳልመጡ ብንጠይቃቸው አያታችን ለጊዜው ዝም አሉ፤ ኋላም «ያ ዘመን ነዋ» ብለው ገጹን ገለጡት።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ተከፈተ። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ ሥራዎች የተለየ ዕቅድ አወጣ፤ በኋላም የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለተደራጁ ወጣቶች የበርና የመስኮት ሥራ ተሰጠ። በሌላ ወገን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ዛፎቹ ወደ መጥፋት ተቃርበዋልና። ነገር ግን አናጢው ለዘመናት ያወቃቸውን እንጨቶች ተክቶ የሚሠራበት በሚገባ የደረቀ እንጨት በቅርቡ አልተዘጋጀለትም። በዚህ መካከል ከቻይና፣ ከቱርክና ከሌላም አገር የተሠራ ዕቃ ገባ፤ ቺፑድና ኤምዲኤፍ የተባለው የተጨመቀ ሰሌዳም ገበያውን ያዘ። ይህ ሰሌዳ ውኃ ሲነካው ይነፋል፤ ዕድሜውም ከዋንዛ ጋር አይወዳደርም። ግን ቀጥ ያለ ነው፤ አይጣመምም፤ በቀጠሮው ቀን ይደርሳል። ገዢው ለብዙ ዓመታት የለመነው እነዚህን ነገሮች ነበር።

እዚህ ላይ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት አሳብ ይመለሳል። የውጭው ዕቃ ያሸነፈው የውጭው እጅ ከራጉኤል እጅ በልጦ አይደለም። የበለጠው የደረቀ እንጨት፣ ማሽንና የሚታገሥ ገንዘብ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። የራጉኤል አናጢ ሱቁን የከፈተው በዕቁብ፣ በዱቤና በቀብድ ነው፤ ገዢን ያገኘው በተራ፣ በደጅ ማሳያና በሰርግ ወራት ነው። እነዚህ ዘዴዎች ያለ ማንም ርዳታ ከሕዝቡ ልማድ የወጡ ስለ ሆኑ ሊደነቁ ይገባል። ዳሩ ግን ሱቅ ለመክፈት የሚበቁት እነዚሁ ዘዴዎች ሱቅ ለማሳደግ አልበቁም። ቀብድ ለአንድ አልጋ ይበቃል፤ ለአንድ ዓመት እንጨት አይበቃም።

ከዚህ የተነሣ ለእንጨት ባለሙያዎች መርዳት የሚሻ ሁሉ ከማሽንና ከሥልጠና አስቀድሞ ስለ እንጨት ማድረቂያ ቢያስብ መልካም ይመስለናል። አንድ ተራ በሙሉ በጋራ የሚጠቀምበት የጣውላ መጋዘንና ማድረቂያ ቢኖር፣ በዚያም የተቀመጠው እንጨት ለባንክ እንደ መያዣ ቢቆጠር፣ ብዙ የፈረሰ ቀጠሮ ይጠገን ነበር። ይህን አሳብ የሚቃወሙ መምህራንና ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን፤ ትንንሽ ሱቅ የድሮ ነገር ነው፣ ፋብሪካ ሊተካው ይገባል ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ለእኛ ግን የመርካቶ ተራ ራሱ ጣሪያ የሌለው ፋብሪካ ሆኖ ታይቶናል፤ የጎደለው መጋዘኑ ብቻ ነው።

ስለ ንቀቱ ደግሞ የምንጨምረው ጥቂት ነው። የቅዱስ ዮሴፍ ሙያ ጸራቢነት እንደ ነበረ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በየዓመቱ ተምረናል፤ የእንጨት ሥራ ክፍሉን ግን የደካሞች ክፍል እንለው ነበር። ሁለቱን አሳቦች በአንድ ራስ ይዘን መኖራችን ዛሬ ያሳፍረናል።

ደብተሮቹን ለመመለስ በሄድን ጊዜ አያታችን ምን እንደ ጻፍን ጠየቁን። ስለ ቀጠሮ መፍረስ የጻፍነውን ስናነብላቸው አዳመጡና፣ ያ የዋንዛ ቡፌም በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ጠየቁን። አለ አልናቸው። ቡፌው ዛሬ በእናታችን ቤት ቆሟል፤ መዝጊያው እስከ አሁን ድረስ ይገጥማል። የተሠራበት ጣውላ ከመቆረጡ በፊት 3 ዓመት የደረቀ እንደ ነበረ የነገሩን በዚያን ጊዜ ነው።